የሜዳው ስም

ሬሳውን ያገኘው የተቋራጩ ዘበኛ ነው። ጠዋት ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ ፍለጋ ሜዳውን ሲያቋርጥ፣ የአፈር ባለሙያው ለሙከራ ያስቆፈረው ጉድጓድ ውሃ አቁሮ አየና ደስ ብሎት ጎንበስ አለ። ውሃው ላይ የሰው ጀርባ ተንሳፍፎ ነበር። ዘበኛው ጩኸቱን ሲለቀው፣ ማዶ ያሉ ቤቶች ውስጥ የተኛ አልቀረም።

መርማሪው ሲደርስ ሟቹን አውጥተው ሣሩ ላይ አጋድመውታል። የአፈር ባለሙያው ራሱ ነበር። ማጅራቱ ላይ ተመትቷል። የተመታበት መዶሻም የራሱ ነው፤ ካስማ የሚተክልበት፣ ከጉድጓዱ ሥር በጭቃ ተለውሶ ወጣ።

"ምቱ አደነዘዘው እንጂ አልገደለውም" አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። "የገደለው ውሃው ነው።"

"ውሃው ከየት መጣ? ዝናብ እኮ ካቆመ ሰንብቷል።"

"እኔ የሰው እንጂ የመሬት ሐኪም አይደለሁም። የመሬቱ ሐኪም ይኸውልህ፣ ተኝቷል።"

ከመርማሪው ጋር የመጣችውን ሳጅን ቀልዱ አላሳቃትም። ሥራዋን በጥንቃቄ የምትሠራ፣ ሬሳ ፊት የሚቀልድ ሰው የማትወድ ሴት ናት። "የሞተው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ" አለች። "ስልኩ የለም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ነበር፤ ሣሩ ተረጋግጧል። የጫማ ምልክት ግን ውሃው በልቶታል።"

ከሜዳው ዳር አንድ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። "ዋና ሜዳ የመኖሪያ መንደር" ይላል፤ ከሥሩ እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች በአዲስ በር ላይ ቆመው ይስቃሉ። መርማሪው ስሙ ቦታው የከተማው ትልቁ ሜዳ በመሆኑ የወጣለት ይመስለው ነበር። ሰሌዳውን ደግሞ ከፖሊስነቱ በፊት በወንድምነቱ ነው የሚያውቀው። ታናሽ እህቱ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከነልጆቿ የእሱ ሳሎን ውስጥ በመጋረጃ ተከልላ ትኖራለች። ስሟ እዚህ ሜዳ ላይ ሊሠሩ የታሰቡትን ቤቶች ከሚጠብቁት ጋር ተመዝግቧል።

ቤቶቹ ይሠሩ አይሠሩ የሚለውን የከተማው ምክር ቤት በመጪው አርብ በሕዝብ ፊት ተወያይቶ ይወስናል። በውይይቱ ላይ መሬቱ ቤት ይሸከም አይሸከም እንደሆነ ይናገራል ተብሎ የተጠበቀው ሰው አሁን ሣሩ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ምን ሊል እንደነበር ገና በይፋ አልተናገረም።

መርማሪው ጉድጓዱን ዳግመኛ አየው። ውሃው ጠዋት ከነበረበት ትንሽ ከፍ ብሏል።

*

የምክር ቤቱ የቤቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ "ወንፊቱ" ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ተቋራጮች ናቸው፤ ማንኛውንም ፕሮጀክት ሳያጣሩ አያሳልፉምና። ሽማግሌ፣ ንጹሕ አለባበስ ያላቸው፣ ለተላላኪው እንኳ ከወንበር ተነስተው እጅ የሚነሱ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ጸሐፊያቸው፣ አንዱ በስተኋላ ወደ መኪና ማቆሚያው።

"ያ ሰው ለምክር ቤቱ ዓይኑ ነበር" አሉ። "አሁን በጨለማ ልንወስን ነው።"

"ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ፣ የተከበሩ ሰብሳቢ?"

"እዚሁ። ለውይይቱ የማቀርባቸውን ጥያቄዎች ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ ዋልኩ። ልማዴ ነው፤ በጆሮዬ ያልሰማሁትን ጥያቄ አልጠይቅም። ጸሐፊዬን ይጠይቋት።"

"ሟቹ አልደወለልዎትም?"

"ደውሎ ነበር። መጥተው በዓይንዎ ይዩ አለኝ። አልሄድኩም። ሰብሳቢ ከምስክር ጋር ለብቻው አይገናኝም፣ ነውር ነው። ያንን ቦታ በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቀውም።" ወደ መስኮቱ ዞሩ። ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ "ዋና ሜዳ" አሉ፤ "አይ ዋና ሜዳ!"

ቃሉ ከአፋቸው የወጣው ለስልሶ ነበር። መርማሪው ሐዘን ምላስንም ያዝላል ብሎ አለፈው። ሳጅኗ ቃላቸውን እንዳለ ጻፈችው፤ ወንፊቱም አንብበው ፈረሙበት።

ጸሐፊዋ ከቢሮው ውጭ ስታለቅስ ነበር። ለሟቹ ሻይ አፍልታለት ታውቃለች።

"እውነታቸውን ነው፣ እዚሁ ነበሩ" አለች። "ድምፃቸው ሲሰማኝ ነው የዋለው። ያ ክፉ ጉንፋን ደግሞ አለቅ ብሏቸው፣ ሲስሉ ሲያነቡ፣ ሲስሉ ሲያነቡ። ሻይ ላስገባ ብዬ ባንኳኳ አልመለሱልኝም። ሲያነቡ የሚነካቸው ሰው አይወዱም።"

*

ወንጀል ሲሠራ ሰው ሁሉ ጣቱን መጀመሪያ የሚቀስረው ሀብታም ላይ ነው። ሳጅኗም ከዚህ አልወጣችም። "ባለሙያው አፉን ቢከፍት ከተቋራጩ በላይ የሚከስር ማን አለ?" አለች።

ተቋራጩን ጉንጩ እንደ ዳቦ አብጦ፣ በፎጣ ጠቅልሎት አገኙት።

"ትናንት ከሰዓት ጥርሴን ሳስነቅል ነው የዋልኩት" አለ በግማሽ አፉ። "ሐኪሙን ጠይቁት። ሥሩ ጠማማ ነው ብሎ እንደ ጉቶ ሲገዘግዘኝ ዋለ። ሰው ልገድል ይቅርና ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር።"

"ባለሙያው መሬቱ አይሆንም ቢል ኖሮስ?"

ተቋራጩ ሊስቅ ሞክሮ ጉንጩን ያዘ። "ኢንስፔክተር፣ ስንት ባለሙያ አይሆንም ያለውን ሠርቻለሁ መሰለህ? አይሆንም ሲሉ ሲሚንቶ ትጨምራለህ። ሌላ ባለሙያ ይመጣል፣ ይሆናል ይላል። እኔ ሰው አልገድልም፣ እጠብቃለሁ እንጂ።"

ጥርስ ሐኪሙ የተናገረውን ሁሉ አረጋገጠ፤ ጉቶውንም በብልቃጥ አውጥቶ አሳያቸው። መርማሪው ከክሊኒኩ ወጣ። ተቋራጩ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ሰውየው ግን መግደል ሳያስፈልገው እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ነበር።

*

የሟቹ ሚስት ጎረቤቶቿን ከክፍሉ አስወጥታ ነው ያነጋገረቻቸው። እንባዋ አልቆ ነበር። የባሏ ጭቃ የነካው ቡትስ በር ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

"ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም" አለች። "መሬቱ እያላበው ነው ይለኛል። ደረቅ ነው ያልኩት ጉድጓድ አድሮ ይረጥባል፣ ከሥር የሚመጣ ነገር አለ ይላል። ለማን እንደሚነግረው ነው የጨነቀው። ወረቀት ላይ በቁጥር ባስቀምጠው ማን ያነበዋል፣ ቆሜ ካልተናገርኩ ይል ነበር።"

"ትናንትስ?"

"ትናንት ደስ ብሎት ነው የወጣው።" ነጠላዋን አጥብቃ አጣፋች። "የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ አለኝ። ሜዳው ላይ ልንገናኝ ነው፣ ሰውየው ቦታውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል አለ። ስሙን አልጠየቅኩትም። ምነው ጠይቄው በነበር።"

"ስሙን ባለመጠየቅሽ አልሞተም፣ እህቴ" አላት መርማሪው። እሷ ግን አንገቷን ነቀነቀች። አላመነችውም።

ውጭ ሲወጡ ሳጅኗ ማስታወሻዋን ከፈተች። "ቦታውን ከሟቹ በላይ የሚያውቅ። ሜዳው ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክ አለ፤ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ። ፍሬን የለሽ ነው የሚሉት። ባለፈው ስብሰባ ሟቹን፣ እኔን ልታስነሳ ነው የምትቆፍረው፣ የቆፈርከው ጉድጓድ ራስህን ይዋጥህ ብሎታል። ሕዝብ ሁሉ ሰምቷል።"

"አሁን የት አለ?"

"ከትናንት ጀምሮ ጋራዡ ዝግ ነው።"

*

መርማሪው ወደ ቤት ምሳ ሊበላ ጎራ ሲል እህቱን መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛት። ጉልበቷ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቷል።

"ምንድን ነው?"

"መጋረጃ ነዋ! ለአዲሱ ቤት። ከጣራ እስከ ወለል የሚወርድ።"

"ቤቱ የታለና? ላም አለኝ በሰማይ አሉ።"

"አንተ ደግሞ ወንድማለም፣ ሁልጊዜ እንዳሟረትክ። ዋና ሜዳ ካልኩህ ዋና ሜዳ ነው። አርብ ዕለት ይጸድቃል፣ አዳራሽ ሄጄ በዓይኔ ነው የማየው።" ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ልጆቹ ያድጋሉ። ሴቷ ልብስ የምትቀይርበት አጣች። አንተም ብትሆን ሳሎንህን ትፈልጋለህ። አትናገርም እንጂ።"

"ሳሎኑ ምን ይሠራልኛል?"

"ሬድዮህን እንኳ ከፍተህ ከሰማህ ስንት ጊዜህ? ተወኝ እባክህ።"

መርማሪው ምግቡን ሳይጨርስ ተነሳ። ገዳዩን ለማግኘት ይፈልጋል። ገዳዩን ካገኘ ሟቹ ሊናገር የነበረው ይወጣል። ያ ከወጣ ደግሞ ይህች መጋረጃ የምትሰቀልበት መስኮት አይኖርም። የፈረደበት ወንድም!

*

ፍሬን የለሽን ያገኙት ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ የእነሱ ሳይሆን የጎረቤት ጣቢያ። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ትራፊክ ፖሊስ በጥፊ መትቶ ከገባ አልወጣም።

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ!" አለ ከብረቱ ጀርባ። "እኔ ከትናንት ጀምሮ እዚህ ቁንጫ እየመገብኩ ሰው ገደልክ ትሉኛላችሁ? ምስክሬ ራሱ መንግሥት ነው! ጠባቂውን ጠይቁት፣ ሲያንኮራፋ ያደረው እሱ ነው።"

ጠባቂው ከማንኮራፋቱ በቀር ሁሉንም አረጋገጠ።

መርማሪው ሊወጣ ካለ በኋላ ተመለሰ። "ዋና ሜዳን ካንተ በላይ የሚያውቀው ማን ነው?"

"ምን ሜዳ?"

"ዋና ሜዳ።"

ፍሬን የለሽ ሳቀ። ጥርሶቹ መሃል መሃል ጎድለዋል። "በምኑ ነው ዋና የሚሆነው? ለምኑ ዋና? ለእንቁራሪት ካልሆነ! እናንተ እኮ ከወረቀት እያነበባችሁ ነው። ዋና ነው የሚባለው። ዋና!"

"እኛስ ያንኑ አይደል ያልነው?" አለች ሳጅኗ።

"አላልተሽ በያት፣ የኔ እህት። ናን አትጫኛት። ዋና። የሚዋኙት።" ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አየሩን ቀዘፈ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ነውና ክርኑ ግድግዳውን መታው። "ልጆች ሆነን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነበር የሚሞላው። ሰዉ ዝናቡ አቆመ ሲል ውሃው ያኔ ከሥር ይመጣል። ዝም ብሎ፣ ሳይጮህ። አንዳንዱ ዓመት ይቀራል፣ አንዳንዱ ዓመት ደረት ይደርሳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው፤ ስንት ልጅ ወስዶብናል። ኋላ ካርታ ሠሪዎች መጡ፣ ስሙን ጠየቁ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ ያጠብቃታል። እዚያ ያደገ ሰው ግን ካልተጠነቀቀ በቀር አያጠብቃትም።"

"ለምን ይህን ለምክር ቤቱ አልተናገርክም?"

"ማን ይሰማኛል? አፌን ስከፍት ስድቡ ይቀድመኛል።"

መርማሪው ብረቱን ይዞ ቆመ። ጆሮው ውስጥ አንድ ለስላሳ ድምፅ ከመስኮት አጠገብ "አይ ዋና ሜዳ" ይል ነበር።

መኪናው ውስጥ ሳጅኗ የወንፊቱን ቃል አውጥታ አነበበችው። "ያንን ቦታ በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቀውም። ዋና ሜዳ፣ አይ ዋና ሜዳ።" ቀና አለች። "እኔ እንዴት እንዳሉት ትዝ አይለኝም፣ ኢንስፔክተር። የጻፍኩት ይሄ ነው።"

"ትክክል ነው የጻፍሽው። እሳቸውም አንብበው ነው የፈረሙት። ሲጻፍ ያው ነው።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን ግን ወረቀቱ ከመጀመሪያውም አልያዘውም። አንዲት ና ላላች ብሎ ሰውን በነፍስ ግድያ የሚከስ ዐቃቤ ሕግ የለም።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ መርማሪው "ጠዋት ሰብሳቢው አስሏቸው ነበር?" አለ።

"እኛ ፊት? በፍጹም። ድምፃቸው እንደ ደወል የጠራ ነበር።"

"ጸሐፊዋ ግን ከበሩ ወዲህ ሆና ጉንፋን ስትሰማ ዋለች። መቼ ነው ጉንፋን ይዟቸው የነበረው?"

ሳጅኗ መሪውን ጨበጠች። "ባለፈው ስብሰባ። ፍሬን የለሽ የጮኸ ዕለት። እኔም ነበርኩ፤ ሲያነቡ ሳል እያቋረጣቸው ሕዝቡ ሲያጉረመርም ነበር። የምክር ቤቱ ስብሰባ ደግሞ በድምፅ ይቀረጻል።"

*

ወንፊቱ ከወንበራቸው ተነስተው እጅ ነሱ። መርማሪው አልተቀመጠም።

"ጉንፋንዎ እንዴት ሆነልዎት?"

"የምን ጉንፋን?" አሉ። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የገባቸው። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"ጸሐፊዎ የሰማችው ያለፈውን ስብሰባ ቅጂ ነው። እርስዎ በኋላ በር ወጥተዋል።"

ወደ ኋላው በር አዩ። ከውጭ ጸሐፊዋ ስልክ ስታነጋግር ይሰማል።

"አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ" አለ መርማሪው። "የሜዳው ስም ማነው?"

"ዋና ሜዳ" አሉ፤ ናን በደንብ ጫኗት፣ እንደ ካርታው።

"አይደለም። እናትዎ ሲጠሩት እንዴት ነበር?"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ ቃሏ ወጣች፤ ለስልሳ፣ ላልታ፣ እርጥብ ሆና። ከእሷ ጋር ዕድሜ ልክ የያዙት ነገር ሁሉ አብሮ የወጣ ይመስል ትከሻቸው ወደቀ።

"እዚያ መወለዴን ማንም አያውቅም" አሉ። ከዚህ በኋላ መርማሪውን አንተ እያሉ ነው የተናገሩት። "የጭቃ ልጅ ሰብሳቢ አይሆንም ነበር በእኛ ጊዜ። ለእሱ ግን በስልክ አፌ አመለጠኝ። ውሃ አገኘሁ ሲለኝ፣ ክረምት ካለፈ በኋላ ነው የሚሞላው አልኩት። ሳላስበው። ዝም አለና፣ እርስዎ ያውቁታል አለኝ። ቅጂውን የከፈትኩት ለመግደል መስሎህ እንዳይሆን። ከምስክር ጋር መገናኘቴ እንዳይታወቅ ነው። ልሰማው ነበር የሄድኩት።"

"ሰሙት?"

"ሰማሁት። እኔ በቁጥር ብናገር ማንም አይገባውም፣ እርስዎ አርብ ዕለት ተነስተው ልጅ ሆኜ እዚህ ዋኝቻለሁ ይበሉ፣ ይበቃል አለኝ።" ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "እኔ ነኝ ለዚህ ሕዝብ ቤት ቃል የገባሁት። ስንት ፕሮጀክት ጥዬ፣ ስንት ሌባ አባርሬ፣ ይሄኛው ብቻ ንጹሕ ሆኖ ወጣልኝ። መሬት ሌላ የለም። ሰው በሰው ሳሎን በመጋረጃ ተከልሎ ልጅ ያሳድጋል፣ ታውቃለህ? እነሱን ዳግመኛ ጠብቁ ልበላቸው?"

መርማሪው ፊቱ ሲግል ተሰማው። ሽማግሌው ስለ እህቱ አያውቁም ነበር። እንደ እሷ ያለው ብዙ ስለሆነ ነው።

"ጉድጓዱን ሊያሳየኝ ጎንበስ አለ። መዶሻውን ያዙልኝ ብሎኝ እጄ ላይ ነበር። ውሃው ከሥር ብቅ ብቅ ይላል፣ እንደ ልጅነቴ። ይኸው ይዩት፣ ይዩት ይለኛል። ዝም እንዲልልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።" ባዶ እጃቸውን አዩ። "ወድቆ ውሃው ውስጥ ሲንፈራገጥ ቆሜ አየሁት። ላወጣው እችል ነበር። ዋና እችላለሁ እኮ።"

መሳቢያቸውን ከፈቱ። የሟቹ ስልክ እዚያ ነበር። መጣል አቅቷቸው፣ ሚስቱ ስትደውል ሲንቀጠቀጥ ያዩት ነበር።

*

አርብ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንፊቱ እስር ቤት ናቸው፤ ስብሰባውን የያዘው ምክትላቸው ነው። ለሟቹ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

እንደ ወንፊቱ የሚያጣራ ሰው አልነበረም። ምክትሉ ጥያቄ ያላችሁ ብሎ፣ ጥያቄው ሳይመጣ ወደ ሚቀጥለው ነጥብ አለፈ። ያኔ መርማሪው ከኋላ እጁን አወጣ። እህቱ ከፊት ለፊቱ፣ ቤት ከሚጠብቁት መሃል ተቀምጣ ነበር። ዞር ብላ አየችው።

"መሬቱ ውሃ አለበት" አለ። "ሟቹ ሊናገር የነበረው ይህን ነው። የገደሉትም አምነዋል።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ምክትሉ በትዕግሥት ፈገግ አለ። "ኢንስፔክተር፣ ገዳዩን በመያዝዎ እናመሰግናለን። ነገር ግን የነፍሰ ገዳይ ቃል ለአፈር ጉዳይ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።"

"እንግዲያው ጉድጓዱን ሄዳችሁ እዩት።"

"ተደፍኗል" አለ ተቋራጩ ከመቀመጫው። እብጠቱ ጎድሎለታል። "ፖሊስ ምርመራ ጨረስኩ ካለ በኋላ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባበት ብዬ ነው።"

"ሌላ ቆፍሩ!"

"ሌላ ባለሙያ እስኪቀጠር ዓመት ያልፋል" አለ ምክትሉ፤ ይህን ያለው ለመርማሪው ሳይሆን ለሕዝቡ ነው። "እንጠብቅ?"

"አንጠብቅም!" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። እህቱ አልጮኸችም። ዓይኖቿን ግን ከወንድሟ አልነቀለችም፤ ምን አደረግኩህ የሚል ዓይን ነበር።

መርማሪው አልተቀመጠም። "ስሙን እንኳ ስሙት" አለ። "ይህ ቦታ ዋና ሜዳ አይደለም። ዋና ሜዳ ነው።"

ሳቅ ተነሳ። ቃለ ጉባኤ ያዡ፣ ቅን የሆነ ወጣት፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ ቀና አለ። "ይቅርታ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው?"

መርማሪው አፉን ከፍቶ ቆመ። ወጣቱ እየጠበቀው ነበር።

"ዋና ሜዳ" አለ በመጨረሻ።

"እሱንማ ጽፌዋለሁ" አለ ወጣቱ።

እጅ ወጣ፤ ጸደቀ። ጭብጨባው ረዘመ።

*

ቤቶቹ ሳይሠሩ ዕጣው ወጣ። እህቱ በሩን በርግዳ ስትገባ አዳራሽ ውስጥ የሆነውን ረስታለት ነበር፣ ወይም የረሳች ለመምሰል ቆርጣ ነበር።

"ግራውንድ ወጣልኝ፣ ወንድማለም! ግራውንድ! ደረጃ የለ፣ መውጣት የለ፣ መውረድ የለ!"

መርማሪው አስቀመጣት። ሁሉንም ነገራት፤ ከሥር ዝም ብሎ ስለሚመጣው ውሃ፣ ደረት ስለሚደርስበት ዓመት፣ ስለወሰዳቸው ልጆች። ስሙንም አላልቶ ነገራት። "አትግቢበት" አላት። "ሳሎኑ የአንቺ ነው። እስክሞት ድረስ የአንቺ ነው።"

ሳታቋርጥ ሰማችው። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ፤ እሱ በእጁ ያጠፋው መሰለው።

"በየዓመቱ ነው የሚመጣው?"

"በየዓመቱ አይደለም።"

"መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል?"

"አይታወቅም።"

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ" አለች። "እስኪመጣ ድረስ ግን ቤት አለኝ ማለት ነው።"

እንዲህ ያለውን ነገር መርማሪው አንድ ጊዜ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶታል፤ ያንን ሰው በካቴና ወስዶታል።

እሷ ተነስታ የሰማያዊውን መጋረጃ እጥፋት ፈታች። የሰፋችውን ጠርዝ ይዛ ወደ መሬት ለቀቀችው፤ ወለሉን ሲነካ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ መቀሷን አመጣችና ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ውሃ እንዳይነካው፣ ከታች ቆርጣ ታሳጥረው ጀመር።

"እስከ የት ድረስ ነው ያልከኝ?" አለች ቀና ሳትል።